ከአለቃ ጨርቅ ሥር

ቁልፍ ሠሪ ከበሩ በፊት የሚከፍተው አፉን ነው። «ዘወር በልልኝ» ይላል። ባለቤቱም ዘወር ይላል፤ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ግድግዳ ያያል። ሠሪው ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ እጁንና ቁልፉን አንድ ላይ ይሸፍናል። ከዚያ ወዲያ ከጨርቁ ሥር የሚሆነውን የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። የሙያችን ደንብ ይኸው ነው። ሹም ይሁን ተራ ሰው፣ ዘወር አልልም ያለ ደጅ ያድራል።

ደንቡ ደንበኛን ብቻ የሚመለከት ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የከተማው አንጋፋ ቁልፍ ሠሪ አለቃ ሱቅ ተማሪ ሆኜ ገብቼ ሞረድ አቀበልኩ፣ የብረት ብናኝ ጠረግሁ፣ ሻያቸውን ይዤ ደረጃ ወጣሁ ወረድሁ፤ ተራውንም ጓጉንቸር ሁሉ ተምሬ ጨረስኩ። የመጋዘን በር ወይም ካዝና ሲመጣ ግን አለቃ ጨርቃቸውን ከደረት ኪሳቸው ይመዙና ደንበኛውን «ዘወር በሉልኝ» ካሉ በኋላ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀና አድርገው «አንተም» ይሉኛል።

አንተም። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ ሳኝካት አለሁ፤ አልደቀቀችም።

እንግዲህ እኔና ደንበኛው ጥፋት እንደሠሩ ተማሪዎች ግድግዳ ፊት ለፊት እንገተራለን። ከጀርባችን ረጅም ጸጥታ። አለቃ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። አንዳንዴ «እህ» ይላሉ። ደንበኛው እግሩን ይቀያይራል፣ ያዛጋል፣ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዞር ስንል በሩ ወለል ብሏል፤ አለቃ ግንባራቸውን በዚያው ጨርቅ ይጠርጋሉ። ደንበኛው እጃቸውን ሊስም ትንሽ ይቀረዋል።

የራሴን መደብ ከፍቼ ስወጣ ከባዱንም ቁልፍ እንደምንም መክፈት ቻልኩ። ችግሩ፣ ቶሎ ይከፈትልኛል። አለቃ ያን ያህል የሚደክሙበትን ነገር እኔ ባንድ ትንፋሽ ስከፍተው፣ ትክክለኛው መንገድ ጠፍቶኝ በጓሮ ዘልዬ የገባሁ ይመስለኛል። ደንበኛውም አያመሰግንም። «ይቺ ናት?» ይላል። ቀጥሎ በሩን ያያል። ቀጥሎ እኔን ያየኛል፤ ዓይኑ ውስጥ ሌባ ሆኜ እታያለሁ። ከጨርቁ ሥር የተደበቀ አንድ ጥበብ እንዳለ ያወቅሁት በዚህ ነው። ያ ጥበብ ለኔ ተነፈገ።

ለማን ተሰጠ? ለታናሽ ወንድሜ። እጁን ይዤ አለቃ ሱቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሞረድና ሹካ የማይለይ ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አለቃ አንድ ካዝና ፊት ተቀምጠው እኔን «አንተም» ሲሉኝ፣ እሱን ግን «አንተ ቅረብ» አሉት። ጨርቁ ሥር አስገቡት። ቀጥሎ ልጃቸውን ዳሩለት። ቀጥሎ የቁልፍ ሠሪዎች ማህበር ሊቀመንበር ሆነ። አንዴ ጨርቅ ሥር የገባ ሰው የማያገኘው ነገር ምን አለ። እኔ ከዚያ ሱቅ ይዤ የወጣሁት ቅጽል ስም ብቻ ነው፤ እሱንም ያወጡልኝ አለቃ ናቸው። «ሬዲዮ» ይሉኛል። ከተማው በሙሉ ተከትሏቸው ሬዲዮ ይለኛል። የባለቤቴ እናት ሳይቀሩ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ማህበራችን የሚሰበሰበው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጠረጴዛዋ አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ የሞተ ጓጉንቸር ደግፎ ይዟታል። ከሥር ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግር የሚያደርግ ሰው ደግሞ በስሜት የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ለወንድሜ ይህ በጣም ጠቅሞታል።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እንዳለን አንዲት ወጣት ሴት ደረጃውን ወጥታ ገባች። የቴክኖሎጂ ጉባኤ አስተባባሪ መሆኗን ነገረችን። ኮምፒውተር ተሸክመን መጥተን እንድንጠግንላት የፈለገች መስሎን ሁላችንም ቀድመን እምቢ ልንል አፋችንን ከፈትን። እሷ ግን የመጣችው ልትጋብዘን ነበር። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሊቃውንቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ አለች፤ በዙሪያው ያሉትን ክፍሎች ግን በከተማው ላሉ ማህበራት እየሰጠን ነው። የሬዲዮ መልእክት አፍቃሪዎች አንድ ክፍል ወስደዋል፣ የስፌት መኪና ጠጋኞች አንድ፣ ሰዓት ሠሪዎችም እሺ ብለዋል። ክፍሉ የራሳችሁ ነው፣ ማን ምን ያስተምር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የገባ ሰው በእጁ ነክቶ፣ ሞክሮ፣ አንድ ነገር ተምሮ ይውጣ።

ከሥር ጎማ ተነፋ።

መጋዝ የምንለው ሽማግሌ ነበር መጀመሪያ የተነሳው፤ ድምፁ ብረት ስለሚቆርጥ ነው ስሙ የወጣለት። ልጄ፣ ቁልፍ አከፋፈት ለሕዝብ አስተምሩ ማለትሽ እኮ ሌባ አሠልጥኑ ማለትሽ ነው፣ የምስክር ወረቀትም ትሰጫቸዋለሽ? አላት። ተሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ ሌባውማ ድሮ ተምሮ ጨርሷል። ያልተማረው ባለቤቱ ነው።»

ይህን ስትል ወደድኳት። እውነቱን ለመናገር ግን የወደድኳት ለአባባሏ አልነበረም። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር «ቋ!» ስላለ ነው። ማስተማር ማለት ማሳየት ነው። ተማሪ ባለበት ጨርቅ የለም። አለቃ በሕዝብ ፊት ከባድ ቁልፍ ከከፈቱ፣ እጃቸው ይታያል። እጃቸው ከታየ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተነፈግሁትን ነገር ከሌላው ሰው ጋር እኩል ቆሜ አያለሁ።

ተነሳሁና ተናገርኩ። ስለ ትውልድ ተናገርኩ። ሙያ ከሰው ጋር መቀበር የለበትም አልኩ። ዕውቀት ሲካፈሉት ይበዛል አልኩ። ትውልድ የሚለውን ቃል ስደጋግም የገዛ ጆሮዬ አፈረልኝ፤ ጎማው ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ተነፋና ወለሉ ሲርገፈገፍ እንባ የተናነቀኝ መሰልኩ። አስተባባሪዋ ዓይኗ ቀላ። የሚያውቀኝ መጋዝ «ይሄ ሰውዬ ምን ሊሸጥልን ነው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ።

አለቃ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አርጅተዋል፤ ሱቃቸውን ለአማቻቸው ትተው አሁን የሚመጡት ለመከበር ብቻ ነው። «እኔ እጄን ለማንም አላሳይም» አሉ። እንዲህ ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ወንድሜ ሊዘጋው እጁን አነሳ።

እኔ ለራሴ የማወራ መስዬ፣ ሰዓት ሠሪዎቹስ ሰፊውን ክፍል ወስደዋል አሉ፣ አልኩ።

ሰፊውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋ እንደዚያ አላለችም። አለቃ ግን ቀና አሉ። ከሰዓት ሠሪዎች ማህበር ጋር ያላቸው ነገር የቆየ ነው፤ እነዚያ የጣት ሙያ ከኛ ወዲያ ላሳር የሚሉ፣ ነጭ ካፖርት የሚለብሱ ሰዎች ናቸው።

«እነዚያ ባትሪ ቀያሪዎች?» አሉ አለቃ። «እነሱ አስተማሪ ሆነው እኛ ልንቀር?»

ማህበሩ በአንድ ድምፅ ግብዣውን ተቀበለ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ የምታንቀሳቅሰው የአንድ ሽማግሌ እጅ ለማየት ነው? አለችኝ። እጅ ብቻ አይደለም አልኳት። እሷም፣ የሰውዬውን እጅ ካየህ በኋላ ደግሞ ስለ ምን እንደምታማርር ከወዲሁ ብታስብበት ይሻላል ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሚስት ከነገር መሃል አንዷን መርጣ ነው የምትወጋው።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። ሕንፃው መስታወት ነው፤ በሩ ቁልፍ የለውም፣ ሰው ሲቀርብ ራሱ ይከፈታል። ማህበርተኛው በሙሉ በሩ ፊት ቆሞ በንቀት አየው። መጋዝ «ይሄ በር ሳይሆን አሽከር ነው» አለ። መግቢያው ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ አንገታችን ላይ አንጠለጠሉልን። ስማችንን ቀድሞ ያስመዘገበው ወንድሜ ነበር። የኔ ካርድ ላይ «ሬዲዮ» ይላል።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቅህ በዚህ ስለሆነ ነው» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰዎች አንገቴን እያዩ አንቴናው የት ነው እያሉ ጠየቁኝ።

ሥራ ሲከፋፈልም ወንድሜ በር ላይ አቆመኝ። እንግዳ ተቀበል፣ አንተ ወሬ አታጣም አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ክፍሉ ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። መሃል ላይ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ አለ፤ ከላዩ ትንሽ ካሜራ ወደ ታች ተንጠልጥላለች፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራውን እጅ ግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ስክሪን ላይ ታሳያለች። እኔ ያንን ካሜራ ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። እጮኛዬን መጀመሪያ ሳያት እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

በሩን ከፈትኩ፤ ሰው መግባት ጀመረ። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት።

ማህበርተኛው በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ ተቀምጧል። ማንም እንዲህ ሁኑ አላላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ነው የሠሩት፤ መሣሪያ ሲጨብጡ ጀርባቸው ራሱ ዞረ። ከበሩ ላይ ሆኖ የሚታየው የጀርባ ሰልፍ ነው፤ የጎበጠ ጀርባ፣ ሰፊ ጀርባ፣ ኮቱ የተተረተረ ጀርባ። አንድ ደፋር ወጣት ወደ መጋዝ ጠጋ ብሎ ከትከሻው በላይ ሊያይ አንገቱን አሰገገ። መጋዝ ቀና ሳይል «ዘወር በልልኝ» አለው። ልጁም ጨዋ ነው፣ ዘወር አለ። ከኋላው የመጡትም ይሄ የትምህርቱ አካል ነው ብለው ዘወር አሉ። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪው ግድግዳውን፣ ተማሪው በሩን እያየ፣ ጀርባ ለጀርባ ተደርድረው ጸጥ ብለው ቆሙ። አልፎ አልፎ ከአንዱ ጨርቅ ሥር «ቋ!» ይላል፤ ተማሪው ዞር ይላል፤ ጓጉንቸሩ ተከፍቷል፤ አመሰግናለሁ ብሎ ይወጣል።

መነጽር ያደረገ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆም ብሎ በጣም ተመስጦ ካየ በኋላ፣ ይሄ ስለ ግል ምስጢር መከበር የቀረበ ትርዒት ነው አይደል? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ፎቶ አነሳን።

ከምሳ በፊት አስተባባሪዋ መጣች። ጀርባዎቹን አየች። ጀርባዎቹ ፊት የቆሙትን ጀርባዎች አየች። ከዚያ ወደ ውጭ ጎትታ አወጣችኝ። በጎን ያለው የሰዓት ሠሪዎቹ ክፍል ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ፈሷል አለችኝ፤ ነጭ ካፖርቶቹ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ የተፈታ ሰዓት ሰጥተው እያስገጠሙ ነው። በኛና በነሱ መሃል ያለው ግድግዳ የሚታጠፍ ነው። ከምሳ በኋላ እናንተ ማስተማር ካልጀመራችሁ ግድግዳውን አጥፈን ክፍሉን ለነሱ እንጨምራለን፣ አዝናለሁ፣ አለችኝ። ያዘነችም ትመስላለች።

ክፍሉ ከሄደ ካሜራውም ይሄዳል። አለቃ ደግሞ ዓመት ቆይተው ለሌላ ጉባኤ የሚደርሱ ሰው አይደሉም። ጨርቁን ይዘውት ይቀበራሉ።

ወደ ወንድሜ ሮጬ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። በሱ ሊቀመንበርነት ዘመን ለሰዓት ሠሪ ክፍል ተነጠቀ ሲባል ታየው። ምን እናድርግ አለኝ፤ በዘመኔ ሁሉ ወንድሜ ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። አለቃን መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸው አልኩት፤ ፊታቸውን ወደ ሰው፣ ካሜራዋ ሥር፣ ከባድ ቁልፍ ይክፈቱ። ቁልፉን እኔ ይዣለሁ። እውነትም ይዤ ነበር፤ ከአንድ የፈረሰ መጋዘን በር የነቀልኩትን፣ እንደ በግ ጭንቅላት የሚከብድ የብረት ቁልፍ ከመደቤ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ተወው። አሁን ሳስበው፣ ያኔ ሊነግረኝ ነበር።

አለቃን ለማሳመን ብዙ አልፈጀም። «ግድግዳው ሊታጠፍ ነው» አልናቸው። «ለማን?» አሉ። ነገርናቸው። ተነሱ።

ከምሳ በኋላ ክፍሉ ሞላ። አለቃ መሃል ላይ ተቀመጡ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ደንበኛ አድርገው። ወንድሜ በግራ፣ እኔ ደግሞ መብራት ይዤ በቀኝ ቆምን። ስክሪኑ ላይ ያ የብረት ቁልፍ ገዝፎ ታየ። ሁለት የተሸበሸቡ እጆች መጡ። እጆቹ ወደ ደረት ኪስ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ጨርቁን ዘረጉ፤ ቁልፉ ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ እጆቹም ከጨርቁ ሥር ገብተው ጠፉ።

ስክሪኑን በሙሉ ጨርቅ ሞላው። ቡናማ ጨርቅ፣ ጥጉ የተጣፈ፣ መሃሉ የቅባት እድፍ። የቤት ግድግዳ የሚያህል ጨርቅ። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ አየው። አለቃ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። «እህ» አሉ። አንዱ ላፕቶፕ የታቀፈ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ስክሪኑ ቆሞ ነው እንዴ? አለኝ።

ኋላ ሁለት ሰዎች ወጡ። ሌሎች ተከተሉ። አስተባባሪዋ በሩ ጋ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ከግድግዳው ማዶ የሰዓት ሠሪዎቹ ሳቅ ይሰማል። እኔ የማየው ጨርቁን ብቻ ነው። እዚያ ሥር፣ ከኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ያ ነገር እየተሠራ ነው፤ እኔ መብራት ይዤ፣ እንደ ድሮዬ ሳላይ ቆሜያለሁ። አንተም። አንተም። አንተም።

ጨርቁን ያዝኩና መነጨቅሁት።

ቁልፉ ተከፍቶ ነበር። ምላሱ ወደ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የአለቃ ሁለት እጆች ቁልፉ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ምሳ በልታ እንደተኛች ድመት፣ አርፈው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ የሚያህሉትን አያድርስ። አውራ ጣታቸው ብቻ ቀስ እያለ ዜማ እንደሚመታ ይነቃነቃል።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። ማህበርተኛው ጠረጴዛው ሥር የሚገባበት ጠፋው። ወንድሜን አየሁት። አልደነገጠም። አንገቱን ደፋ። ያውቅ ነበር።

አለቃ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ መጠበቅ ነው ሙያቸው። ከዚያ ለሕዝቡ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩ።

«ወዲያው ነው የሚከፈተው» አሉ። «ሁሉም ወዲያው ነው የሚከፈተው። ግን በሩ ባንድ ትንፋሽ ሲከፈት ያየ ሰው፣ ማታ ዘግቶት ሊተኛ አይችልም። ስለዚህ ትንሽ እቀመጥለታለሁ። በሬ ጠንካራ ነው ብሎ እንዲተኛ።» ቀጠሉና «በደንብም ይከፍላል» አሉ።

ሳቁ አሁን የፍቅር ሳቅ ሆነ። ሰዉ ወደ ጠረጴዛው ገፋ፤ ያንን ወደ ውስጥ የገባውን ምላስ ካላየሁ አለ፤ የቤቴን ቁልፍ ምን ላድርገው፣ የትኛው ይሻላል እያለ ጥያቄ አወረደባቸው። ወንድሜም ነፍስ ዘራና ማህበርተኛውን «ዙሩ! ወደ ሰው ዙሩ!» አለ። ጀርባዎቹ ቀስ እያሉ ዞሩ። ፊታቸውን ያዩ ተማሪዎች ትንሽ ደነገጡ፤ ቢሆንም ተቀመጡ። ጨርቆቹ ወደ ኪስ ገቡ። የሚታጠፈው ግድግዳ ኋላ ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን የሰዓት ሠሪዎቹ ሰው ወደ እኛ እንዲያልፍ ነው። አስተባባሪዋ አለቃን አቀፈቻቸው። እኔን ማንም አላቀፈኝም። ጨርቁ እጄ ውስጥ ነበር።

ያንን ሁሉ ዘመን ያኘክሁት ነገር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ልትገላገል ይገባል ትላላችሁ። ሰው እንደዚያ አይደለም። ነገሩ ቀላል ከሆነ፣ የከለከሉኝ ደግሞ ለምንድነው? ካዝና መክፈት ቢከለክሉኝ ይገባኝ ነበር። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይከለከላል?

ሰዉ ሲቀንስ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ለወንድሜ አሳይተውታል» አልኳቸው። «ለኔ ለምን ደበቁኝ?»

አለቃ ጨርቃቸውን በአራት አጣጠፉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድምህ እጁ ደደብ ነው፣ አፉ ግን ይቆለፋል» አሉ። «አንተ ደግሞ እጅህ ከኔ ይበልጣል። አፍህን ምን ላድርገው? የነገርኩህ ዕለት ማታ ከተማው ይሰማው ነበር፤ አንተ ሬዲዮ።»

እጅህ ከኔ ይበልጣል ያሉትን ያኔ አልሰማሁትም። የሰማሁት ሬዲዮ የሚለውን ብቻ ነው። ባለቤቴ ናት ማታ ስነግራት ቢላዋዋን አቁማ «ምን አሉ ያልከው? ድገመው» ያለችኝ።

ጉባኤው አለፈ። የኛ ክፍል ሰው የበዛበት ነበር ተባለ፤ ሴትየዋ ለሚመጣው ጊዜም ጋበዘችን። ነገር ግን ያ የተጣጠፈ እጅ በየሰዉ ስልክ ላይ ዞረ። አሁን ደንበኛ ዘወር በል ሲሉት አይልም። «እጅህን አጣጥፈህ እንዳትቀመጥብኝ» ይላል። ማህበርተኛው ሰላምታዬን በአገጩ ነው የሚመልሰው። መጋዝማ ፊት ለፊት፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም ወይ አለኝ። እኔ ምን አጠፋሁ፤ እሳቸው ሠሩት፣ እኔ ገለጥኩት። ባለቤቴ ግን በዚህ ጉዳይ ከመጋዝ ጋር ናት።

በቀደም አንድ ሰው መደቤ ድረስ መጣ። ነጭ ካፖርት ለብሷል። ከሰዓት ሠሪዎቹ አንዱ ነው፤ የሱቁ ቁልፍ ከውስጥ ተቀርቅሮበታል። ወደ አለቃ ሱቅ እንዳይሄድ ኩራት፣ ወደ ሌላ እንዳይሄድ ርቀት ከልክሎት ነው ወደ እኔ የመጣው። ሄድን። ሱቁ ደጃፍ ላይ የራሱ ደንበኞች ቆመዋል፤ ሰዓታቸውን ሊወስዱ የመጡ። ሁሉም እጄን ያዩኛል። እኔም መሣሪያዬን አወጣሁ፤ ከልማድ የተነሳ ጨርቄንም አወጣሁና ሸፈንኩት። ባንድ ትንፋሽ ተከፈተ። ልናገር አፌን ስከፍት ሰዓት ሠሪው ጎንበስ አለና ደንበኞቹ በማይሰሙት ድምፅ «ጨርሰሃል አይደል?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«ትንሽ ቆይ። እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን እኔ ጋ የሚያሳድሩት ይሄን በር አምነው ነው።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለኝ፦ «እኔስ ባትሪ ቀይሬ ነገ ና የምለው ለምን ይመስልሃል?»

እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ለማን ልንገረው? የሰዓት ሠሪዎች ማህበር በሙሉ ምስጢሩን ባንድ አፍ ነገረኝ እኮ። መጋዝ ቢሰማ ይፈነዳል። ወንድሜ ቢሰማ ስብሰባ ይጠራል። ወሬው ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ከጥርሴ ኋላ ቆመ፤ ገፋኝ። ደንበኞቹ ከጀርባዬ እግራቸውን ይቀያይራሉ። እኔ እጆቼን ከጨርቁ ሥር አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ ተቀመጥኩ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። «እህ» አልኩ። ካዝና ስከፍት፣ የመጋዘን በር ስነቅል እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም።

በመጨረሻ በጥፍሬ ብረቱን «ቋ!» አደረግሁትና ጨርቁን አነሳሁ። በሩ ወለል አለ። ከደንበኞቹ መሃል አንዲት እናት «ወይ ጠንካራ በር» ብለው አደነቁ። ሰዓት ሠሪው እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በዕድሜዬ ደንበኛ እጄን ሲጨብጠኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ግንባሬን በጨርቁ ጠረግሁ። ይሄን ያህል ነገር ነበር እንግዲህ። አለቃ ያን ጊዜ ቢያስተምሩኝ ኖሮ ምን ነበረበት፤ እኔ እንደሆን ለማንም አልናገርም ነበር።